በመርል ጠመንጃ የተወተፈው ስንጥር

መርል መርሳት የጀመረው ከሰው ስም ነበር። ቀጥሎ መንገድ መርሳት መጣ፣ ከዚያም እሳት ላይ የጣደውን ድስት። ጠመንጃ ግን አልረሳም፤ ቢያንስ ጎረቤቱ ዌንደል እንደዚያ ማመን ይፈልግ ነበር።

ሁለቱ በፔንሲልቬንያ ተራሮች ሥር አጥር ተጋርተው ያረጁ ናቸው። መርል ከየጨረታው የዛገ ጠመንጃ ይለቅማል። ዌንደል ከእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ወደ መርል ምድር ቤት እየወረደ ዝገት ይፍቃል፣ የተሰነጠቀ ሰደፍ ይጠግናል። ሁሉም በአፈሙዛቸው የሚጎርሱ፣ ባልጩት ከብረት ሲጋጭ በሚፈናጠረው ፍንጣሪ የሚተኩሱ የጥንት ጠመንጃዎች ናቸው። ከገና በኋላ ባለው የአደን ወቅት ከእነሱ በቀር ሌላ ጠመንጃ አይፈቀድም። ሁለቱም ያን ወቅት ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቁት ይከርማሉ።

በዚያ ዓመት ገና ሲቃረብ የመርል ሚስት አርሊን በጓሮ በር ወደ ዌንደል ቤት መጣች።

"ዘንድሮ እንዳይሄድ ንገረው" አለችው።

"አንቺ ንገሪው እንጂ። እኔን መቼ ሰምቶኝ ያውቃል?"

"ነገርኩት። የአደን ልብሱን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ። መርል ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ትናንት ጠመንጃውን ታቅፎ 'ይሄ የማን ነው?' አለኝ። አንድ ቀን ራሱን ይገድላል፣ ወይ አንተን። ይሂድ፤ ግን እንዳይተኩስ አድርገው። እሱ ሳያውቅ። አንተ ታውቅበታለህ።"

ዌንደል ያውቅበታል። በአደኑ ቀን ጠዋት ጫካው አፋፍ ላይ ፒክአፕ መኪናውን አቁሞ፣ "አምጣው፣ እጅህ ደንዝዟል፤ እኔ ላጉርስልህ" አለ።

"የኔ እጅ ነው የደነዘዘው? አንተ ገና ስትወለድ ጀምረህ ደንዝዘሃል" አለ መርል፤ ግን ሰጠው።

ዌንደል ባሩዱን ለክቶ አፈሰሰ፤ አረሩን ባለ ሰማያዊ መስመር ጨርቅ ጠቅልሎ በዘንጉ ወደ ታች ጠቀጠቀ። መርል ጓንቱን ሲፈልግ ደግሞ፣ እሳቱ ወደ ውስጥ የሚገባበትን ጠባብ ቀዳዳ በጥርስ ስንጥር ጫፍ ወተፈው። ከውጭ በኩል የሚጨመረው ማቀጣጠያ ባሩድ ቦግ ይላል፤ ጠመንጃው ግን አይተኩስም።

መርል ያን ዕለት ጠዋት ደህና ነበር። ዱካ እያሳየ ከፊት ከፊት ሄደ። ከቁጥቋጦው አንዲት አጋዘን ብቅ ስትል ከዌንደል ቀድሞ ያያት እሱ ነው። በቀስታ ተንበርክኮ አነጣጠረና ምላጩን ሳበ። ቦግ ብሎ ጠፋ። አጋዘኗ ጥቂት ዘላ ቆመች፤ ዞራም አየቻቸው። መርል ሳይጣደፍ ባሩድ ጨምሮ ደገመ። አሁንም ቦግ ብሎ ጠፋ፤ አጋዘኗም ሄደች።

"ባሩዱ እርጥበት ይዞት ይሆናል" አለ ዌንደል።

መርል ከአንገቱ ያንጠለጠለውን ቀጭን ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ጎረጎረ። የወጣውን መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ አየው።

"እንጨት ነው" አለ። "ባሩድ እንጨት አያበቅልም። አርሊን ናት?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ባስተማርኩህ እጅ።"

"መርል፣ ስማኝ እስቲ…"

"አትከተለኝ። እንደ ሕፃን ከኋላ ከኋላዬ እንዳትመጣ።"

ጉብታውን ተሻግሮ ሄደ። ዌንደል ሊከተለው ይችል ነበር፤ ዱካው በረዶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዓይኑን ለማየት ግን አፈረ። ንዴቱ ሲበርድለት ወደ መኪናው ይወርዳል ብሎ ግንድ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በረዶው ይወርድ ጀመር፤ ሲነሳ ዱካ የሚባል ነገር አልነበረም። ድምፁ እስኪዘጋ ተጣራ። መርል አይስማው ወይ እየሰማ ዝም ይበል፣ አላወቀም።

ፈላጊዎቹ በማግስቱ አገኙት፤ ትልቅ ጥድ ሥር ተቀምጦ በብርድ ደርቆ ሞቷል። ካፖርቱን አውልቆ ባሩዱ እንዳይረጥብ ጠመንጃውን ጠቅልሎበታል።

ፖሊሶቹ ጠመንጃው መጉረስ አለመጉረሱን ማወቅ ስላልቻሉ ዌንደልን ጠሩት። ዘንጉን በአፈሙዙ ሲያስገባ መድረስ ካለበት ሳይደርስ ቆመበት። ጫፉ ላይ ጠምዛዛ ብሎን ገጥሞ አረሩን ነቀለና ባሩዱን አራገፈ። መልሶ ሲያስገባ አሁንም ሌላ ነገር ነካ። ሁለተኛው አረር ባለ ሰማያዊ መስመር ጨርቅ ተጠቅልሎ ወጣ።

እሱ ራሱ ያጎረሰው ነው። መርል ብቻውን ሲሆን ጠመንጃው መጉረሱን ረስቶ በላዩ ላይ ሌላ አጉርሷል። ምላጩን ስቦ ቢሆን ያ አሮጌ ብረት ፊቱ ላይ ይፈነዳ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ለአርሊን ነገራት። ሊያጽናናት መስሎት ነበር።

"ታዲያ ልክ ነበርን ማለት ነው" አለች ቀስ ብላ።

"ልክ ነበርን።"

"ባንወትፈውስ ኖሮ?"

ዌንደል ሊዋሽ አስቦ አልሆነለትም። "መጀመሪያ ላይ አጋዘኗን ይጥላት ነበር። ጠዋት ጥሩ ነበር፤ እጁም ጸንቶ ነበር። ለምሳ እንደርስ ነበር።"

አርሊን ራሷን ነቀነቀች፤ ተነስታም እንዲሄድ የዌንደልን ካፖርት አመጣችለት።

በጸደይ ጠመንጃዎቹን ሁሉ የጨረታ ሰዎች ጭነው ወሰዷቸው። ዌንደል ከመስኮቱ አያቸው እንጂ አልወጣም። እሱና አርሊን እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይገናኛሉ፤ ስለ አየሩ አንድ ሁለት ተባብለው ይለያያሉ። ሰው ሁሉ አርሊንን፣ "የሚወደውን እያደረገ ነው የሞተው" ይላታል። እሷም አዎ ትላለች።