የዒድ ትራፊ

«እስቲ አንድ ቴምር እንኳ ቅመሺ» አለች ጎረቤቷ ተሻለች፣ ሳህኑን እያስጠጋችላት።

በድሪያ ራሷን ነቀነቀች። ታላቅ እህቷ ፋዱማ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ለቀስተኛው በላይ በላዩ ይገባል፤ የገባው ሁሉ ደግሞ የሚያወራው ግድግዳው ላይ ስለተሰቀለው የፋዱማ ከረጢት ነው።

«ዒድ ባለፈ በአራተኛው ቀን ከረጢቷን ይዛ ከች ትል አልነበር?» አለች ፋዱማን ካጠቧት ሴቶች አንዷ፣ ካልቱን። «‹የተረፋችሁን ከረሜላ አምጡ› ብላ አንድ ቤት አትዘልም። ዱሮ ሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት ነበር፤ ዘንድሮ መጠለያ ላሉት ለድርቁ ልጆች።»

«‹ቀበሌው ስንዴ ይሰጣቸው የለ?› ብላት፣ ‹ስንዴ ዒድ ይሆናል እንዴ?› አለችኝ» አለች ተሻለች እየሳቀችም እያለቀሰችም።

በድሪያ አንገቷን ደፋች። ዘንድሮም ፋዱማ ከሁሉ በፊት እዚሁ ነበር የመጣችው። ስኳር በራሽን በሆነበት በዚህ ዘመን፣ በድሪያ ቁም ሣጥን ውስጥ በባቡር ተደብቆ የገባ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የጅቡቲ ከረሜላ ነበር። ለክብር እንግዳ ብላ ነው የሸሸገችው፤ የክብር እንግዳው ማን እንደሆነ ግን እሷም አታውቅም።

«ወላሂ፣ አንዲት ፍሬ አልተረፈኝም» አለቻት።

ፋዱማ ምንጣፉን አየች። ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አነሳችና «አላህ ይስጥሽ» ብላ በዚያ ፀሐይ እስከ ሳቢያን ሰፈር ድረስ በእግሯ ልትለምን ሄደች። በማግስቱ ታመመች፣ በሳምንቱ ሞተች።

ሬሳው ከቤት ሊወጣ ሲል አጎታቸው አብዱላሂ «ፋዱማ ላይ ሐቅ ያላችሁ አውፍ በሏት፣ ይቅር በሏት!» አሉ። በድሪያም ከሰው እኩል «አውፍ ብያለሁ» አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ይቅርታ የሚያስፈልጋት እሷ ነበረች፤ ይቅር የምትላት ደግሞ ተገንዛለች።

«ይኼን አንቺ ያዥው» አለች ካልቱን የሟቿን ሻሽ እያቀበለቻት። «ስናጥባት ያወለቅነው ነው።»

የሻሹ ጫፍ ተቋጥሯል። በድሪያ ሳንቲም መስሏት ፈታችው። አረንጓዴ የከረሜላ ወረቀት ጭኗ ላይ ወደቀ። ፋዱማ በመጣችበት ዕለት ጠዋት በድሪያ ራሷ ከረሜላውን በልታ ምንጣፉ ላይ የጣለችው ነው፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ከእሷ ቆርቆሮ በቀር በሰፈሩ የለም።

ተሻለች ጎንበስ ብላ አየችው። «ያን ቀን ደጅ ስጠብቃት እጇን ጨብጣ ወጣች። ‹በድሪያስ?› ብላት፣ ‹እሷማ ሰጥታኛለች› አለችኝ።»

በድሪያ ተነሳች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቁም ሣጥኑን ከፍታ ቆርቆሮውን አወጣች። የድሬዳዋ ሙቀት ከረሜላውን አቅልጦ አንድ ቋጥኝ አድርጎታል።

«አልሰጠኋትም» አለች። «ነበረኝ፤ ወላሂ ብዬ ዋሸኋት። እሷ ግን ገመናዬን ሸፈነች።»

በድሪያ ዘነዘና አምጥታ ቁጭ አለችና እያለቀሰች ከረሜላውን ፈነካከተችው። ስብርባሪውን አንድ ሳታስቀር ፋዱማ ከረጢት ውስጥ ጨመረችው።

«መጠለያው ሩቅ ነው፤ ጋሪ ልጥራልሽ?» አለች ተሻለች።

በድሪያ አረንጓዴዋን ወረቀት መልሳ በሻሹ ጫፍ ቋጠረች። ሻሹን ራሷ ላይ አሰረች፤ ከረጢቱን አንስታም በእግሯ ወጣች።