በሰብሊ ቁመት ልክ

ሰብሊ ታዲዎስን አግብታ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ስትገባ፣ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው እንደሚጠብቃት ታውቅ ነበር። አንዱ ባሏ ነው። ሁለተኛዋ የባሏ የቀድሞ ሚስት እናት ናቸው።

ይህን ለሰው ስታስረዳ ሁለት ጊዜ መናገር ነበረባት። ኡራኤል አካባቢ በእንግዳ ተቀባይነት የምትሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ያሉ ባልደረቦቿ፣ «ማለቴ፣ የባልሽ እናት ናቸው አይደል?» ይሏታል። «አይደለም፣ የብርኽቲ እናት ናቸው» ትላለች። ብርኽቲ ታማ ከሞተች አምስት ዓመት አልፏታል። እናቷ እማማ ትበርህ ሊያስታምሟት መጥተው በዚያው ቀሩ። ታዲዎስ ሂዱ አላላቸውም፤ እሳቸውም ልሂድ አላሉም። ልጅ ስላልነበረ ሐዘኑን የሚካፈሉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ተካፍለውም አልጨረሱት።

እማማ ትበርህ ክፉ ሴት አልነበሩም። ሰብሊ ጠዋት ስትወጣ «መንገድሽን ያቅናልሽ» ይሏታል፤ ዝናብ ሲጥል ልብሷን ከገመድ ላይ ያወርዱላታል። ብቻ ዝምተኛ ናቸው። ሰብሊ ስታበስል ኩሽናው በር ላይ ቆመው ይመለከቷታል፤ ሲበቃቸው ደግሞ ምንም ሳይናገሩ ወደ ሳሎን ይመለሳሉ። ሰብሊ ያን አስተያየት ፈራችው። በዚያ ኩሽና ውስጥ የጨው ዕቃ እንኳ ከቦታው ፈቀቅ አድርጋ አታውቅም። ድስት ብታነሣ ካነሣችበት፣ ማማሰያ ብታወርድ ካወረደችበት ትመልሳለች። የሰው ቤት ሳይሆን የሰው መቃብር የምትጠብቅ ይመስላት ነበር።

ችግሩ ቁመቷ ነው። ብርኽቲ ረጅም ነበረች፤ ሳሎን በተሰቀለው ፎቶ ላይ ከታዲዎስ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥማ ቆማለች። ካቢኔቶቹም ከፍ ተደርገው ነው የተሰቀሉት። ሰብሊ ግን ሚኒባስ ውስጥ አንገቷን ሳትደፋ ቀጥ ብላ መቆም የምትችል ሴት ናት። ስለዚህ አንድ የምትጎትታት በርጩማ አለቻት። ለሽሮ ትወጣለች፣ ለዘይት ትወጣለች፣ ለሰሐን ትወጣለች።

አንድ ቅዳሜ የበርበሬውን ጠርሙስ ስታወርድ በርጩማዋ ከዳቻት። ወደቀች፤ ጠርሙሱም ከእሷ ጋር ወረደ። እማማ ትበርህ ሮጠው ሲመጡ፣ ሰብሊ በርበሬ መሐል ተቀምጣ የእጇን አንጓ ይዛለች።

«ይቅርታ እማማ» አለች ገና ሳይጠይቋት፤ «ጠርሙሱ የብርኽቲ ነበር።»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው «እጅሽን አሳዪኝ» አሏት፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠበቅ አድርገው አሰሩላት።

ምሳ ላይ፣ ታዲዎስ ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይውጥ፣ «ይህ ኩሽና ይፍረስ» አሉ።

«ምን አሉ እማ?»

«ይፍረስና እንደገና ይሠራ። ልጅቱ ልትሰበር ነው።»

ታዲዎስ ስታዲየም አጠገብ አንድ ኢንሹራንስ ቢሮ የሚሠራ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ የማይፈልገውን ነገር እምቢ አይልም፣ ያዘገየዋል። «በርጩማውን በጠንካራ እንቀይረው» አለ። ቀጥሎ «ክረምቱ ይለፍ» አለ። ክረምቱ ሲያልፍ «በዓሉ ይውጣ» አለ። ሰብሊም ውስጥ ውስጡን አሮጊቷ እየፈተኗት መስሏት፣ «ኸረ ለኔ ብላችሁ አትድከሙ» ስትል ከረመች።

እማማ ትበርህ ግን እየፈተኗት አልነበረም። የበዓሉ ማግሥት ዋቅጅራ የሚባል የካቢኔት ሠራተኛ ራሳቸው ይዘው መጡ። ዋቅጅራ ሜትሩን እየሳበ እየመለሰ ብዙ የሚያወራ ጎልማሳ ነው።

«ልኩማ የታወቀ ነው እማማ። ሁሉም ቤት አንድ ነው።»

«የማን ልክ ነው?»

«የማንም አይደለም። በቃ፣ ስታንዳርድ ነው።»

«እሷን ለካት» አሉ እማማ ትበርህ።

ሰብሊ እያፈረች ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ዋቅጅራ ክርኗን አጠፈላትና በእርሳስ ምልክት አደረገ። ቀጥሎ እጇን ወደ ላይ አዘረጋት። «ተረከዝሽን አታንሺ» አሉ እማማ ትበርህ ከበሩ። «አትንጠራሪ። ሳትንጠራሪ የምትደርሺበትን ነው የምንፈልገው።» ሰብሊ ተረከዟን መለሰች። ትምህርት ቤት ለዩኒፎርም ከተለካች ወዲህ ማንም ልኳን ጠይቋት አያውቅም፤ ዓይኗ ውስጥ እንባ ሲሞላ ለምን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም።

ሴራሚኩንና የካቢኔቱን ቀለም ሊመርጡ ሰብሊና እማማ ትበርህ አብረው ዞሩ። ሰብሊ ለሁሉም «እርስዎ ይምረጡ» ትላለች፤ አሮጊቷ «የምትቆሚበት አንቺ ነሽ» ይሏታል። ታዲዎስ ናሙናዎቹን ሲያሳዩት ሁሉም ጥሩ ነው አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

የማፍረሱ ቀን እሱ ቢሮ ሥራ አለኝ ብሎ ማልዶ ወጣ። እማማ ትበርህ ሳሎን ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ዋቅጅራ የመጀመሪያውን ካቢኔት ነቀለ፤ ደህና ነበር። ሁለተኛው ሲወርድ ከኋላው ጭስ ያልነካው፣ የጥንቱ ግድግዳ ብቅ አለ፤ ንጹሕ ነጭ፣ አራት ማዕዘን። አሮጊቷ ተነሡ።

«ተወው። ይበቃል።»

«እማማ፣ ግማሹ እኮ ወርዷል።»

«ይበቃል አልኩህ።»

ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ግን ዋቅጅራ መዶሻውን አስቀመጠ። እማማ ትበርህ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ትንሿን ቦርሳቸውን አነሡ፣ የሰብሊን ፊት ሳያዩ «አባዲ ዘንድ ነኝ» ብለው ወጡ። አባዲ የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው የሚኖረው።

ታዲዎስ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ፍርስራሹን አየ። አልተቆጣም። ጣውላ ላይ ተቀመጠና «ቀድሞም ባይነካ ይሻል ነበር» አለ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከባድ ነበሩ። ዋቅጅራ ሌላ ሥራ ያዘ። ሰብሊ ስቶቩን በረንዳ ላይ አውጥታ እዚያው ታበስላለች። እማማ ትበርህ ስልክ ሲደወልላቸው «ደህና ነኝ፣ ደህና ናችሁ?» ይሉና ለአባዲ ይሰጡታል። አንድ አመሻሽ ባልና ሚስት በረንዳው ላይ ፓስታ ሲበሉ፣ ሰብሊ ከሠርጓ ጀምሮ ጉሮሮዋ ላይ የነበረውን ነገር ጠየቀች።

«ብርኽቲ ምን መሥራት ትወድ ነበር? ማለቴ፣ ምግብ።»

ታዲዎስ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሰብሊ ሰምታው የማታውቀውን ሣቅ ሣቀ።

«ብርኽቲ? ብርኽቲ ኩሽና መግባት አትወድም ነበር። ፓስታ ውሃው ውስጥ እያለ ታሳርራለች። እኔ ነበርኩ የማበስለው።»

«ካቢኔቶቹስ?»

«ግማሹ የሷ መጻሕፍት ነበሩበት። ጫማም ሳይኖር አይቀርም።» ሣቁ ቀስ እያለ ጠፋ። «ዕቃውን እንዲያ የደረደሩት እማ ናቸው፣ ሊያስታምሟት ሲመጡ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ገርሞኛል፤ አሁን ስትጠይቂኝ ነው ትዝ ያለኝ። ለካ ኩሽናውን የሷ ማድረግ የጀመርኩት እኔው ነኝ።»

ሰብሊ ሹካዋን እንደያዘች ቀረች። ይህን ሁሉ ጊዜ በፍርሃት ስትጠብቀው የኖረችው የብርኽቲን ሥርዓት አልነበረም። በር ላይ ቆመው የሚያዩዋት ሴት የደረደሩት ነው፣ ያውም ልጃቸው በታመመችባቸው ወራት።

በማግሥቱ ከሥራ ስትወጣ ወደ ታክሲ አልሄደችም፤ በእግሯ ወደ አባዲ ቤት ታጠፈች። እማማ ትበርህ ግቢው ውስጥ ፀሐይ የቀረላት ጥግ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሰብሊ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ከሰፌዱ እፍኝ ምስር ወደ ራሷ ሳበች።

«ብርኽቲን ያሳደግኳት ካዛንቺስ ነበር» አሉ አሮጊቷ። «ቤታችን ሲፈርስ ቆሜ አይቻለሁ፤ አላለቀስኩም። ልጄ እዚያ የለችማ። አሁን መንገድ ያልፍበታል፤ በታክሲ ሳልፍ የቱ ጋ እንደነበር እንኳ አላውቀውም።»

ሰብሊ ከምስሩ ውስጥ ጠጠር ለቅማ ጣለች።

«ያ ኩሽና ግን... አጥሚት እሠራላት ነበር። ሁለት ማንኪያ ትቀምስና ትተወዋለች። መልሼ አሞቀዋለሁ። ደግሞ ትተወዋለች። ከዚያ በላይ የምጠላው ቤት የለም። አንቺ ስታበስዪ ቆሜ ሳይ፣ ደግ ነው እላለሁ፣ አሁን እኮ የሚበላ ነገር እየተሠራበት ነው። ይፍረስ ያልኩት ከልቤ ነው። ግድግዳውን ባዶ ሳየው ግን፣ የቀረኝ ይኸው ብቻ ነበር ለካ አልኩ። የምጠላው ነገር ብቻ ነው የቀረኝ።»

ሰብሊ የምታውቀውን ተናገረች።

«ካቢኔቶቹ አልተጣሉም። ከፈለጉ ዋቅጅራ መልሶ ይሰቅላቸዋል። እኔ በርጩማ ለምጃለሁ።»

«አይሆንም» አሉ ቶሎ። «አሠሪው አንቺ።»

«ያለ እርስዎ አላሠራም።»

አሮጊቷ ከምስሩ ቀና አሉ። ከዚህች ልጅ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሰምተው አያውቁም። «እንግዲያው ነገ እመጣለሁ።»

«እጠብቅዎታለሁ» አለች ሰብሊ፣ ከድንጋዩ ላይ ሳትነሣ።

የምሯን ነበር። ምስሩ ተለቅሞ አለቀ፣ የአባዲ ሚስት ከሥራ ገባች፣ እራት ቀረበ። ሰብሊ በልታ፣ እጇን ታጥባ፣ ተመልሳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። በመጨረሻ እማማ ትበርህ ሣቃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው «ቦርሳዬን አምጡልኝ፣ ይህች ልጅ እዚህ ልታድር ነው» አሉ። ታክሲው ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። ካዛንቺስን ሲያልፉ ወደ ውጭ እያዩ ስለ ብርኽቲ ልጅነት ያወሩ ጀመር፤ ሰንጋ ተራ ሲደርሱም አልጨረሱም።

ሥራው እንደ ማንኛውም ሥራ ተጓተተ። ዋቅጅራ ሲመጣ የካቢኔቱ በር ማጠፊያ አልመጣም፤ ማጠፊያው ሲመጣ ሲንኩ ከማርብሉ ቀዳዳ አልገጥም አለ። ቧንቧው አፈሰሰና የታችኛው ጎረቤት ባልዲ ይዞ መጣ። ታዲዎስ የዓመት ፈቃድ ወስዶ ግድግዳውን ራሱ ቀባ። ነጩ አራት ማዕዘን ጋ ሲደርስ ብሩሹን ይዞ ቆመ፤ እማማ ትበርህም አጠገቡ መጥተው ቆሙ። ከዚያ ታዲዎስ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሮ ቀጠለ። ከአሮጌዎቹ ካቢኔቶች አንዱን ብቻ ዋቅጅራ እንዳይወስደው ጠየቀና ሳሎን አስገባው፤ ከአልጋ ሥር በካርቶን የነበሩትን የብርኽቲን መጻሕፍት ደረደረበት።

ኩሽናው ያለቀ ዕለት ሰብሊ አዲሱ ማርብል ፊት ቆመች። ክርኗ ሳይነሣ፣ ትከሻዋ ሳይወጠር መክተፊያው ልክ እጇ ሥር ሆነ። እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ተረከዟ መሬት ላይ እያለ የካቢኔቱን እጀታ ያዘች። ከፍታ ዘጋችው፤ እንደገና ከፈተችው።

እማማ ትበርህ ዕቃውን ከካርቶን እያወጡ ይደረድሩ ጀመር። ጨዉን ከምድጃው በስተግራ አስቀመጡ። ሰብሊ አየችው። አመነታች።

«እማማ፣ ጨዉ በቀኝ ቢሆን ይሻለኛል።»

«በግራ ነው የሚመቸው። በቀኝሽ እያማሰልሽ በግራሽ ታነሺዋለሽ።»

«እኔ በግራዬ ነው የማማስለው።»

«በግራሽ ነው?» አሮጊቷ ጨዉን እንደያዙ ቆሙ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ሳይሽ እንዴት ልብ አላልኩም? እሺ፣ ዘይቱስ?»

«ዘይቱም በቀኝ።»

«ዘይት እሳት አጠገብ አይቀመጥም። እዚህ ላይ አልሰማሽም።»

«ታዲያ ታች ይሁን፣ ሽሮው ወደ ላይ ይውጣ።»

«ሽሮ ላይ ሊወጣ? ደግሞ ልትወድቂበት ነው?»

ታዲዎስ ሳሎን ሆኖ ሰማቸው። በዚያ ቤት ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲከራከሩ ይህ የመጀመሪያው ነው። ደንግጦ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም» አለች ሰብሊ፣ ዘይቱን ከእማማ ትበርህ እጅ ላይ እየወሰደች። «አንተ ማብሰል ታውቅበታለህ አሉ። ግባና ሽንኩርት ላጥ።»