አየርላንድ እስክትገባ

ባሌ ባህሩዲን ሰው ሳይሟላ ቢስሚላህ የማይል ሰው ነው። ደሴ ያደገበት ቤት ሕጉ እንደዚያ ነበር፤ ማዕድ ቀርቦ አንድ ሰው ከጎደለ ወጡ ይቀዘቅዛል እንጂ እጅ አይገባበትም። አሜሪካ፣ ኒው ሆፕ ገብተን አሥራ አራት ዓመት ከኖርን በኋላም አልተወውም። ትልቋ ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትዘገይ ሁላችንም ሳህን ላይ አፍጥጠን እንጠብቃታለን። ትገባና "ዳድ፣ ጀስት ኢት!" ትለዋለች። እሱ ይስቃል፤ በማግስቱም ይጠብቃታል።

ይህን ለምጄዋለሁ። ሰው ሳይሆን አገር ሲጠብቅ ያየሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሊያሳብደኝም ምንም አልቀረው።

አማቴ እመት ሐዋ አየርላንድ፣ ኮርክ የሚባል ከተማ፣ ትንሿ ልጃቸው ሀሲባ ጋ ነው የሚኖሩት። በሄዱ በሁለተኛው ዓመት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ዛለ። ሀሲባ ቀን ቀን ሥራ ነች። እሷ እስክትመለስ ድረስ፣ በአንድ እጅ ውሃ መቅዳትም መታጠብም ስለማይሆንላቸው፣ ትራሳቸው አጠገብ ባስቀመጧት ድንጋይ ተየሙም፣ ያለ ውሃ የሚደረገውን ውዱእ፣ እያደረጉ ይሰግዱ ነበር። አንድ ቀን በስልክ ለባህሩ "ድንጋዩም የተፈቀደ ነው፤ ውሃው ግን ናፈቀኝ ልጄ" አሉት። እሱ ስልኩን ዘጋና ጋራዥ ገባ።

ባሌ አረጋውያን መጦሪያ ነው የሚሠራው። ሰው ከአልጋው ሳይነሳ ማጠብን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ጋራዥ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ፕላስቲክ ሲቆርጥ፣ ቱቦ ሲያጣብቅ፣ ምንጣፌን በውሃ ሲያበሰብስ ከርሞ አንድ ነገር አወጣ። ጭን ላይ የሚቀመጥ ገበታ ነው፤ ከላዩ የውሃ ዕቃ፣ ከጎኑ ክርን የሚያርፍበት መጫኛ አለው። ክንድ ሲያርፍበት ውሃው ይወርዳል፤ ያጠበው ውሃ በቱቦ አልጋው ሥር ወዳለ መያዣ ይሄዳል፤ አንሶላ አይነካም። ልቤን የነካው መጫኛው ነው። የሚሠራው በዛለው እጅ ነው። የእመት ሐዋ ቀኝ ክንድ ሌላ ሥራ የለውም፤ እዚያ ላይ ሲያሳርፉት ክብደቱ ብቻ ውሃውን ይከፍተዋል፣ ደህናው እጅ ይታጠባል። የመጀመሪያውን ጠቅልለን ላክንላቸው። በደረሰ ቀን ድንጋይዋን ለሀሲባ ሰጥተው "መልሺያት ወደ አትክልቱ" አሏት።

ነገሩ ለሌላም ሕመምተኛ እንደሚሆን ሲታወቅ ወደ ፋዮ ሄድን። ፋዮ እዚሁ ያደገች የኦሮሞ ልጅ ናት፤ ሴንት ፖል ቢሮ ያላት የፓተንት፣ የፈጠራ ባለቤትነት ጠበቃ። ለአሜሪካም ለአውሮፓም አፕላይ አደረገችልን። የአሜሪካው ቀድሞ መጣ። የአውሮፓው አራት ዓመት ፈጅቶ፣ በ2024 በዒድ ዕለት ጸደቀ። ባህሩ በነጭ ጀለቢያው ሱጁድ ወረደ። እኔም አለቀስኩ፤ ደስታ ነበር።

ከዚያ ጣጣው መጣ። አንድ ፊርማ ብቻ ቀርቶ ነበር። ፋዮ በስልክ እንዳስረዳችው፣ አሥራ ሰባት የአውሮፓ አገሮች አንድ የጋራ ፓተንት አላቸው፤ በአንድ ወር ውስጥ ከተጠየቀ በአንድ ወረቀት አሥራ ሰባቱም ዘንድ ይሠራል። ወሩ ካለፈ ያ በር ይዘጋል፤ በየአገሩ ቋንቋ እየተረጎሙ፣ በየአገሩ ደጅ እየጠኑ መዞር ነው። የኛ አቅም አይችለውም። ባህሩ "እሺ፣ ገባኝ፣ አላህ ይስጥሽ ልጄ" አላት። ስልኩን ዘግቶ የአገሮቹን ስም ዝርዝር ሦስት ጊዜ አነበበ። አየርላንድ የለችበትም።

"ልትገባ እየተዘጋጀች ነው" አለኝ ማታ፣ ስልኩ ላይ ያነበበውን እያሳየኝ። "ሕገ መንግሥቷ ሕዝቧን ሳትጠይቅ አያስገባትም። ጁን ላይ ድምፅ ይሰጣሉ።"

"ያንተ ቀን ሜይ አሥር አይደል?"

"ትንሽ እንጠብቃታ።"

ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ አልገባኝም ብል ሐሰት ነው። እመት ሐዋ ደሴ ላይ በገበያ ሲያልፉ ሰው ተነስቶ ሰላም የሚላቸው ሴት ነበሩ። ኮርክ ላይ ስማቸውን አስተካክሎ የሚጠራ አንድ ሰው የለም። ልጃቸው የሠራው ነገር፣ ለሳቸው ብሎ የሠራው ነገር፣ አሥራ ሰባት አገር ታውቆ እሳቸው በተኙበት አገር ሳይታወቅ ሲቀር ባህሩ እናቱን በር ላይ ትቶ የሚበላ መሰለው።

ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ባሌና ጓደኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቀመጡበት ምግብ ቤት ውስጥ ነገሩ የአገር ጉዳይ ሆነ። ፓተንትን ከፓርኪንግ ቲኬት የማይለዩ ወንዶች ስለ አየርላንድ ሕገ መንግሥት ይከራከሩ ጀመር። ሰላምታው ራሱ ተቀየረ፤ "አየርላንድ ገባች?" ሆነ። የሁሉም አፈ ጉባኤ ያደታ ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ድራይቭ ያደርጋል፣ የማያውቀው ነገር የለም።

"ሳይን እንዳታደርግ!" ይለዋል ባሌን። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። እነሱ ራሳቸው ቀኑን ኤክስቴንድ ያደርጉልሃል።"

"ማን ነገረህ?" አልኩት፣ ባሌን ልወስድ ሄጄ።

"እንደዚያ ነው የሚሠራው፣ ኑርያ።"

ዒዱ ባለፈ ሳምንት ሀሲባ መልእክት ላከች። ድምፁ ተራዝሟል፤ መቼ እንደሚሆን አይታወቅም። ያን ቅዳሜ ጠረጴዛው ለቅሶ ቤት መሰለ። ባህሩ ይፈርማል ብዬ ጠበቅኩ፤ እሱ ጭራሽ ባሰበት። ፋዮ ኢሜይል ስትልክ አይመልስም። ስትደውል "ሥራ ላይ ነኝ ልጄ፣ እመለስልሻለሁ" ይላታል።

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንተ ነህ" አልኩት አንድ ማለዳ። ቁጣዬ የምር ነበር። "ቢያንስ ልጅቷን ጠይቃት! 'እናቴ እዚያ ናት፣ ምን ይሻላል?' በላት።"

"ነውር ነው።"

"ምኑ ነው ነውሩ?"

"አንድ ሰዓት ሙሉ አስረድታኝ ገባኝ ብያታለሁ። አሁን አልገባኝም ልበላት? ደግሞ የስንቱን ሰው ጉዳይ የያዘችን ልጅ በእናቴ ናፍቆት ላስቸግራት?"

"ልንገራት እኔ?"

"ኑርያ፣ ተይ። ዝም አይነቅዝም።"

ዝም ላይነቅዝ ይችላል፤ ሜይ አሥር ግን እየመጣ ነበር። ስንቱን ነገር በ"ገባኝ" እንዳጣነው ሳስብ ደሜ ይፈላል። ሐኪም ይነግረናል፣ ገባኝ። ባንክ ይነግረናል፣ ገባኝ። ቤት ገብተን እርስ በርሳችን "ምን አለ?" እንባባላለን።

አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ፣ ሮቢንስዴል ካለው ሥራዬ ፈቃድ ወጣሁ። ባህሩን ከመጦሪያው በር ላይ መኪና ውስጥ አስገባሁትና የት እንደምንሄድ ሳልነግረው ሴንት ፖል ወሰድኩት። ሊፍት ውስጥ "አታሳፍሪኝ" አለኝ ቀስ ብሎ።

ፋዮ ከወንበሯ ተነሳች። "ጋሼ፣ በሰላም ነው? ሦስት ኢሜይል ላክሁኮ! ነገ ዴድላይኑ ነው።"

"ትንሽ ጊዜ ነበር የፈለግሁት፣ ልጄ።"

"ለምን?"

ባህሩ ጫማውን አየ። እኔ አልቻልኩም።

"አየርላንድን እየጠበቀ ነው" አልኳት። "እናቱ እዚያ ናቸው። ዕቃው የተሠራው ለሳቸው ነው። ወረቀቱ እሳቸው ባሉበት የማይሠራ ከሆነ ምን ያደርግልኛል ብሎ ነው። ሊጠይቅሽ አፍሮ ነው።"

ፋዮ ሁለታችንንም አየችን። የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀችም። ወንበር ስባ ባሌ ፊት ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ አየርላንድ እኮ አለችዎት።"

"ድምፁ ተራዘመ አይደል?"

"እሱ ሌላ ነው። እሷ ልትገባ የምትዘጋጀው የጋራው ወረቀትና የጋራው ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። የርስዎ ፓተንት ግን በእንግሊዝኛ ነው የጸደቀው። በነሱ ሕግ በእንግሊዝኛ የጸደቀ እዚያ በራሱ ይሠራል፤ ፊርማም፣ ትርጉምም አይጠይቁም። በየዓመቱ ሪኒው ማድረግ ብቻ ነው። ከዒድ ቀን ጀምሮ አየርላንድ ውስጥ የርስዎ ነው።"

"ከዒድ ቀን ጀምሮ?"

"አዎ። ደግሞ ቢጠብቋትም አይጠቅምዎትም ነበር። የጋራው ወረቀት የሚሠራው በተመዘገበበት ቀን አባል ለሆኑት አገሮች ብቻ ነው፤ ኋላ የገባች አገር አትጨመርበትም። እስከ ነገ ባይፈርሙ አሥራ ሰባቱን ያጡ ነበር፤ አስቀድመው ለያዟት አገር ሲሉ።"

እኔ ሳቄ መጣ፤ ከሳቁም እንባው ቀደመ። አንድ ወር ሙሉ የተቀመጠ ማዕድ፣ አንድ ወር ሙሉ የቀዘቀዘ ወጥ፤ ስንጠብቃት የከረምነው እንግዳ አስቀድማ ገብታ ከጎናችን ተቀምጣለች። ባህሩ ብዕር ጠየቀ። ወዲያው ፈረመ። ፋዮ እዚያው የአውሮፓውን ጉዳይ ለያዘልን፣ ሙኒክ ላለው ጠበቃ ላከችው።

"ሁለተኛ ግን" አለችው፣ "ሳይገባዎት ገባኝ እንዳይሉኝ።"

"ገባኝ" አለ ባሌ። ያን ጊዜ ሳቀች።

ፓርኪንግ ውስጥ መኪናውን ሳላስነሳ ለኮርክ ደወልን። እዚያ የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው ሰላት ደርሷል። ሀሲባ ስልኩን ትራስ ላይ አቆመችልንና የእመት ሐዋ ፊት መጣ።

"እማ" አለ ባህሩ። "ወረቀቱ አንቺ ያለሽበት አገርም ይሠራል። ያንቺ ልጅ የሠራው ነው ተብሎ እዚያም ይታወቃል። አሁን ለሰው ሁሉ መንገር ትችያለሽ።"

እመት ሐዋ ዐይናቸውን ጨፍነው አልሐምዱሊላህ አሉ። ከዚያ በደህናው እጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ሲያፍሩ እንደዚያ ነው።

"እኔማ ነግሬያቸዋለሁ" አሉ። "አልፎ አልፎ መጥታ አልጋዬን ለምታነጥፈው ነርስ፣ ለሐኪሙ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ። 'ይህን የሠራው ልጄ ነው፣ በዚህ አገር መንግሥት የታወቀ ነው' ብዬ ከጀመርኩ ዓመት አለፈኝ። ሀሲባ 'ገና ነው እማ' ስትለኝ ደነገጥኩ። ይኸው ረመዳንን ሙሉ ዱዓዬ እሱ ነበር፤ 'ያረቢ፣ ልጄ ሳይሰማ ሐሰቴን እውነት አድርግልኝ' ስል ነበር።"

ባህሩ ስልኩን ለኔ ሰጠኝና ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ።

"በሉ ሰላቴ ሊያልፍ ነው" አሉ እመት ሐዋ። ሀሲባ ገበታውን ጭናቸው ላይ አደረገችላቸው። የዛለ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው አንስተው መጫኛው ላይ አሳረፉት፤ ውሃው ወረደ።