ልጅቷን ስለ ሕልሟ አትጠይቋት

«ዛሬስ መጡብሽ? ምን አሉሽ?» ጎረቤታቸው እትዬ ሳይካል ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ልጅቷን ጠየቁ።

አይዛዳ በእናቷ በቡሩል ቀሚስ ተሸሸገች። ሴት አያቷ ከተቀበሩ ወዲህ እንቅልፍ ትፈራለች። ዓይኗ እንደተከደነ አያቷ ይመጣሉ፤ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ድምፅ ግን የላቸውም። ጮኻ ትነሳለች።

«ርቧቸዋል ማለት ነው» አሉ ሳይካል። «ቡሩል፣ ዘይት ጣጂ። ሽታው ይድረሳቸው።»

ቡሩል ሊጥ ቆርጣ ለሟች የሚጠበሰውን የዘይት ዳቦ፣ ቦርሶክ፣ ጠበሰች። ትናንትም ጠብሳ ነበር። በአገራቸው በናሪን ሟች በሕልም ከመጣ የጎደለው ነገር አለ ማለት ነው። ስለዚህ ለቅሶ የሚደርሰው ሁሉ ከአያቷ ጋር ትተኛ የነበረችውን ልጅ ይጠይቃል። ቡሩል ራሷም ጠዋት ጠዋት ትጠይቃት ነበር። ከዚያ፣ ልጄ አእምሮዋን ልትስት ነው፣ ወይም ልቧን አሟት ይሆናል እያለች ግንባሯን ስትዳስስ ትውላለች።

«እማ» አለች አይዛዳ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዛሬ ምንም ባላይስ? ሲጠይቁኝ ምን እላቸዋለሁ?»

ቡሩል የያዘችውን ሊጥ አስቀመጠች። ልጅቷ የምትተኛው መልእክት ልትቀበል ኖሯል።

አማቷ፣ የልጅቷ አያት፣ ትዝ አሏት። በበሽታቸው ወራት ውሃ እንኳ ጠይቀው አያውቁም፤ ከንፈራቸው መድረቁን አይታ ነበር የምታቀርብላቸው። አንድ ቀን ምድጃው ጠፍቶ ሲንቀጠቀጡ ደረሰችባቸው። «ለምን አልጠሩኝም?» ብትላቸው፣ «ላም እያለብሽ ነበራ» አሏት።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ ልጄን ስለ ሕልሟ ማንም እንዳይጠይቃት።»

«አብደሻል? የጎደላቸው ነገር ቢኖርስ?»

«በሕይወት ሳሉ አንድ ኩባያ ውሃ ያልጠየቁ ሴት፣ አሁን ለቦርሶክ ብለው ሕፃን ያስጮሃሉ? ከፈለጉ ወደ እኔ ይምጡ። ምራታቸው እኔ ነኝ፤ ድስቱም የእኔ ነው።»

«ምነው ምላስሽን ይዘውልን በሄዱ!» አሉ ሳይካል። ሆኖም ድስቱን ከእሳቱ ያወረዱት እሳቸው ናቸው።

ቡሩል ልጇን ፍራሹ ላይ አስተኝታ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። «ሕልምሽን መንገር ካሰኘሽ ንገሪኝ፤ ካላሰኘሽ ተይው። አያትሽ የሚሉት ካለ ለእኔ ይነግሩኛል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ» አለች፣ እርግጠኛ ሳትሆን።

ለቀስተኞች ገቡ፤ ሳይካል ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም አሰኟቸው። ሻይ ተቀዳ። ቡሩል ጩኸቱን እየጠበቀች የልጇን ትንፋሽ ታዳምጣለች። እንግዶቹ ወጡ። ጩኸት አልመጣም።

ሳይካል ሊሄዱ ሲነሱ ጎንበስ አሉ። «ወደ አንቺስ መጥተው ያውቃሉ?»

«ገና ነው፣ እትዬ» አለች ቡሩል። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ልጇ ተጠግታ ጋደም አለችና፣ በሌላው ጎኗ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀች።