ያኑራችሁ ያለው ካቦ

ካቦ ቢያድግልኝ የለይኩንን አጎበር ወስዶ ቋንጣውን ሸፈነበት። ይህን መጀመሪያ ላይ የምጽፈው፣ በኋላ ያደረግሁበትን ስታነቡ እንዳታዝኑለት ነው።

ኮኪትን ለማያውቅ ሰው አጎበር ተራ ነገር ይመስለዋል። የእኛን ቆላ የወባ ትንኝ ግን ትንኝ ብሎ መጥራት ራሱ ድፍረት ነው። አምና አንዷ የተሰጣ ሱሪዬን ይዛ ስትነሳ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ቀበቶው ከበዳትና ሱዳን ጠረፍ ላይ ጣለችው። ውሸት ነው የሚል ካለ ሄዶ ሱሪውን ያምጣልኝ።

የእርሻው ባለቤት አቶ ኪዳን የሚኖሩት ጎንደር ከተማ ነው። ነሐሴ ላይ አንድ ሆቴል ውስጥ የሠራተኛ ጤና ሥልጠና ገብተው ወጡ። መስከረም ላይ ሰሊጡ ሊታጨድ ሲል ትልቅ ባነር ጭነው መጡ። «ጤናማ ሠራተኛ ይሸለማል» ይላል። ስልሳ የምንሆን ሠራተኞች ራኩባው ጥላ ሥር ተሰበሰብን። ራኩባ ማለት በአራት እንጨት ላይ ሣር የተጣለበት፣ ግድግዳ የሌለው መኝታችን ነው።

«አርባ ቀን!» አሉ አቶ ኪዳን። «አርባ ቀን ሙሉ አረቄ ያልቀመሰ፣ ሲጋራና ሱረት ያልነካ፣ ጠዋት ጠዋት ስፖርት የሠራ፣ ያልታመመ! ይህን ይወስዳል።»

ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው ከፍ አደረጉ። ከመጋዘኑ ጎን ያለችው የብሎኬት ክፍል ቁልፍ ነው። ወለሏ ሲሚንቶ፣ መስኮቷ ወንፊት ሽቦ፣ በሯ ቆርቆሮ። ዓመት ሙሉ መኖር ነው።

ጎኔ የቆመው ለይኩን ቁልፉን በደንብ ሊያይ አንገቱን አሰገገ።

ለይኩን ጎጃሜ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ሲወርድ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ሚስቱ ማናዬ እዚያው አባቷ ቤት ናት። አማቱ ቁርጡን ነግሮታል፤ «ልጄን የሰሊጥ ነዶ ሥር አላስተኛትም። የሚዘጋ በር አለኝ ስትል ያኔ ና፣ ውሰዳት» ብሎታል። እንግዲህ የሚዘጋ በር ይኸውና አቶ ኪዳን እጅ ላይ ያብለጨልጫል።

«አያ ፈንቴ፣» አለኝ በሹክሹክታ፣ «እኔ እኮ አረቄ አልጠጣም።»

«ሱረትም አትስብም።»

«ታምሜም አላውቅም።»

«ታዲያ ቁልፉ ያንተ ነው በላ!» አልሁት። ይህ ልጅ አንድ ጉድለት ብቻ ነው ያለበት፤ ሲጠይቁት እውነቱን ይናገራል።

በማግስቱ ውድድሩ ተጀመረ። ካቦ ቢያድግልኝ፣ ትናንት ከእኛ ጋር ሲያጭድ የነበረ፣ ዘንድሮ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው፣ ጎህ ሲቀድ አሰልፎ ትራክተሩን ሦስት ጊዜ ያስዞረናል። ስፖርት ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንብሶ ሰሊጥ የሚያጭድ ሰው ጠዋት ትራክተር ሲዞር ትራክተሩ ራሱ ራሱን ዞረው፤ ያን ቀን እስከ ስድስት ሰዓት አልነሳ ብሎ ዋለ።

ከሩጫው በኋላ ካቦው ደብተሩን ይዞ አንድ በአንድ ይጠይቃል።

«እንዴት አደርክ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ጭረት። ጤነኛ።

«አንተስ እንዴት አደርክ?»

«ተመስገን።»

ጭረት። ምርመራው ይኸው ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ እንዴት አደርክ ሲባል ሌላ ነገር የሚመልስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የእኛ ሰው አህያ ረግጣው መሬት ላይ ተዘርግቶ እንኳ «ደህና፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ፣ ከብቱ ደህና?» ነው የሚለው።

እኔ በሁለተኛው ቀን ወጣሁ። ካቦው የሱረት ቆርቆሮዬን ከኪሴ መዥረጥ አድርጎ «ማስረጃ ነው!» አለና፣ ከደብተሩ ጋር አንድ ሚስማር ላይ በከረጢት ሰቀለው። ስሜ ላይ የኤክስ ምልክት አደረገ። ስቄ ተውሁት። የእኔ ይሁን። ሌላውም በየሳምንቱ ረገፈ፤ ቅዳሜ ኮኪት ወርዶ አረቄ ሲያሸት ተገኘ፣ ሲጋራ ይዞ ማሽላ ውስጥ ተገኘ። በሃያኛው ቀን ደብተሩ ላይ ንጹሕ የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው አለ ካቦው። አንዱ ለይኩን። ሌላው፣ መጀመሪያው መስመር ላይ ስሙን ራሱ የጻፈው፣ ራሱ ካቦ ቢያድግልኝ!

አጎበሩን የወሰደው በዚያው ቀን ነው። «ቋንጣዬን ዝንብ ጨረሰብኝ፤ ላንተ ለጤነኛው ምን ያደርግልሃል?» አለው። ለይኩንም ሰጠው።

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ለይኩን ሰልፉ ላይ እንደ ወንፊት እየተንዘፈዘፈ ቆመ። ጥርሱ ሲንገጫገጭ ሦስተኛ ረድፍ ይሰማል። ጎኑ ተጠግቼ «ተመስገን በል! ተመስገን ብቻ በል!» እለዋለሁ።

«እንዴት አደርክ?» አለ ካቦው፣ ብዕሩን አሹሎ።

«አሞኛል፣ ካቦ።»

ኤክስ።

ዘልዬ ገባሁ። «ምን ማለትህ ነው! በመጀመሪያው ሳምንት ያ የአርማጭሆው ልጅ ነዶው ላይ እያስመለሰው ተመስገን ሲልህ ጭረት አልሰጠኸውም?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ፈንቴ» አለኝ እየሳቀ። «በአፉ ያመነ በሽተኛ ነው። ያላመነ ጤነኛ ነው።»

አቶ ኪዳን ዘንድ አስደወልሁ። ካቦው ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዘው፣ ስልሳ ሰው ይሰማል። «ሕግ ሕግ ነው፣ ልጄ» አሉ አቶ ኪዳን። «በአፉ ካመነ ኸላስ።» ድንበር ላይ ስንኖር ኸላስን ከሱዳኖች ተቀብለናል፤ አበቃ ማለት ነው። ከኸላስ በኋላ ክርክር የለም።

ካቦው በዚህ አላበቃም። «በሽተኛ ከጤነኛ ጋር አይተኛም» ብሎ ለይኩንን ከራኩባው አስወጥቶ ግራር ሥር አስተኛው። ኮኪት ጤና ጣቢያ እንውሰደው ስንል «ትራክተሩ ሥራ ላይ ነው» አለ። አንድ ጠዋት። ሁለት ጠዋት። ሦስት ጠዋት። ልጁ ዓይኑ እንደ ብርቱካን ቢጫ ሆኖ «ማናዬ፣ በሩን ዝጊው» ይላል፣ የሌለውን በር። በአራተኛው ቀን እኔና ወጥ ሠሪያችን እትዬ አይናዲስ ትራክተሩ ፊት መሬት ላይ ተቀመጥን። እትዬ አይናዲስ ስትቀመጥ ትራክተር አይደለም፣ ባቡርም አያልፍም። ወሰዱት።

እኔ ያን ሦስት ጠዋት ቆጠርሁ። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ባቋርጥም እስከ ሦስት መቁጠር አይጠፋኝም።

አርባኛው ቀን ደረሰ። ሰሊጡ ደርቆ ሂላ ሂላ ሆኖ ቆሟል፤ ነዶው እርስ በርስ ተደጋግፎ እንደ ጎጆ ሲቆም ሂላ ነው የምንለው፣ ሸራ ላይ ገልብጠን እስክናራግፈው ድረስ። ለይኩን ከጤና ጣቢያ ተመልሶ ጥላ ሥር ተቀምጧል፣ አንገቱ ቀጥኖ። ካቦው ደግሞ ገና ሳይሸለም ብሎኬቷ ክፍል ውስጥ መተኛት ከጀመረ ሳምንት ሆኖታል፤ «ልለማመዳት ብዬ ነው» ይላል። አቶ ኪዳን ፎቶ አንሺ ጭነው መጡ።

አሁን ስለ ካቦው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዓይኑ ቅርብ ካልሆነ አያይም። ደብተሩን ሲገልጥ የሰሊጡን አቧራ «እፍ!» ይልና፣ አፍንጫውን ገጹ ላይ ለጥፎ ነው የሚያነብ። ያን ጠዋት ጎህ ሳይቀድ ሚስማሩ ላይ ካለው ከረጢት ማስረጃዬን አውጥቼ፣ አርባኛው ቀን ገጽ ላይ ሙሉውን ቆርቆሮ ሱረት አራገፍሁት። ለማንም አልተናገርሁም። ምን ያስፈልጋል? የቀረውን ሕዝቡ ራሱ ያውቀዋል።

«የመጨረሻውን ውጤት አንብብ» አሉ አቶ ኪዳን።

ካቦው ጉሮሮውን ጠረገ። ደብተሩን ገለጠ። እፍ አለ። አፍንጫውን ቀበረ።

ያስነጠሰውን ማስነጠስ ማን ይመነኝ? ሠላሳ ሂላ ሰሊጥ የሰው እጅ ሳይነካው ረገፈ። የፎቶ አንሺው ባርኔጣ አብርሃ ጅራ ከተማ ነው የተገኘ።

«ይማርህ!» አለ ስልሳ ሰው፣ እንደ አንድ ሰው።

«ያኑራችሁ!» አለ ካቦው።

ደገመው። «ይማርህ!» «ያኑ... ያኑራችሁ!» ሠለሰው። «ይማርህ፣ ይማርህ!» «እህህ... ያኑራችሁ፣ ወገኖቼ!»

እጄን አወጣሁ። «አቶ ኪዳን፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።»

«በል።»

«ይማርህ የሚባለው ምን ለሆነ ሰው ነው?»

«ለታመመ ነዋ!»

«ካቦው ምን ብሎ መለሰ?»

አቶ ኪዳን ወደ ካቦው ዞሩ። ካቦው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ጮኸ፤ «ምን ማለትህ ነው! ማስነጠስ በሽታ ነው እንዴ?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ካቦ» አልሁት። «አልታመምሁም ማለት ትችል ነበር። ሦስት ጊዜ ይማርህ ተባልህ፣ ሦስት ጊዜ ተቀበልህ። በአፍህ አመንህ።»

ከኋላ አንዱ «ኸላስ!» አለ። ሌላው ተቀበለ። ስልሳ ሰው ማጭዱን እያጋጨ «ኸላስ! ኸላስ!» አለ። አቶ ኪዳን ወደ ፎቶ አንሺው አዩ፣ ወደ ባነሩ አዩ፣ ወደ ማጭዱም አዩ። ብዕሩን ተቀብለው የመጀመሪያው መስመር ላይ ኤክስ አደረጉ። እኔ የዚያን ብዕር ድምፅ ዛሬም ሳልተኛ በፊት አስታውሼ ነው የምተኛ፤ ጥሩ እንቅልፍ ይሰጠኛል።

«ታዲያ ማን ቀረ?» አሉ ግራ ገብቷቸው።

«እኔ» አለች እትዬ አይናዲስ፣ ጭልፋዋን እንደያዘች። «ስሜ የመጨረሻው መስመር ላይ አለ። አርባ ቀን ሙሉ እንዴት አደርሽ ያለኝ ሰው የለም፤ ስለዚህ አሞኛል ያልሁት ሰውም የለም።»

እውነቷን ነው። ካቦው ሴትዮዋን ከሰው አልቆጠራትም ነበር። ስሟ ላይ ጭረትም የለ፣ ኤክስም የለ። አቶ ኪዳን ቁልፉን ሰጧት፣ ፎቶ ተነሱ፣ ላባቸውን ጠረጉ። ለካቦው ፊሽካውን ተዉለት፤ ደብተሩን ግን ነጥቀው ለእኔ ሰጡኝ፣ የእጅ ጽሑፌ ይነበባል ብለው። ከዚያ ወዲያ ማን በሽተኛ እንደሆነ የምመዘግብ፣ ትራክተሩንም ለበሽተኛ የማዝዝ እኔ ሆንሁ።

እትዬ አይናዲስ ኮኪት የራሷ ቤት አላት። ቁልፉን ለለይኩን ወረወረችለት። «ሚስትህ ስትመጣ ውሃ ትቀዳልኛለች፤ ዓመት ሙሉ፣ ሁለት ጀሪካን በቀን» አለችው። ለይኩን ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ «ደርበን እንቀዳልሻለን፣ እትዬ» አለ። አለቀሰም መሰለኝ፤ አላየሁትም፣ አጎበሩን ከቋንጣው ላይ እየገፈፍሁ ነበር።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደግ ሰው መስዬ እቀር ነበር።

ካቦው ከብሎኬቷ ወጥቶ ያለ አጎበር ራኩባው ውስጥ ተኛ። ትንኞቹ ያን ሌሊት ከሱዳን ማዶ ዘመድ ጠርተዋል። በአስራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ጋቢ ተከናንቦ ሲንዘፈዘፍ አገኘሁት። ደብተሬን አወጣሁ።

«እንዴት አደርክ፣ ካቦ?»

አየኝ። ደብተሩን አየው። ጥርሱን ነክሶ «ደ... ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ።

«እሰይ!» ጭረት። ጤነኛ።

በማግስቱም ሄድሁ። «እንዴት አደርክ?» «ተ... ተመስገን።» ጭረት። ትራክተሩ ደጅ ቆሟል፣ ሹፌሩ እኔን ያያል፣ እኔ ደብተሬን አያለሁ። ጤነኛ ሰው ትራክተር ምን ያደርግለታል?

በሦስተኛውም ጠዋት ጭረቱን አድርጌ ሳልጨርስ ለይኩን ብርድ ልብስ ይዞ መጣ። ካቦው አጠገብ ተንበረከከ። «ይማርህ፣ ካቦ» አለው፣ ያለ ምንም ተንኮል፣ እንደ ሰው።

 ካቦው ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። ብዕሬን አሹዬ ጠበቅሁት። ይህን ሁሉ ቀን የጠበቅኋት ያችን ቃል ነበር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ያኑርህ» አለ።

በትልቁ ጻፍሁ፤ አምኗል። «ጫኑት!» አልሁ ለሹፌሩ። ለይኩን ሦስት ጠዋት ግራር ሥር ተኝቷል፣ ካቦውም ሦስት ጠዋት ራኩባ ውስጥ። አራተኛ አልጨመርሁም። ለይኩን በዚህ ተቀየመኝ፣ ሁለት ቀን አላናገረኝም። ይቀየመኝ። እሱ የይቅርታ ሰው ነው፣ እኔ የቆጠራ።

ጤና ጣቢያ ሲደርስ ግን፣ ሐኪሙ ብቅ ብሎ «እንዴት ነህ?» ቢለው ካቦው ከልማዱ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መለሰ አሉ። ሐኪሙም ደህናውን ሰው ከሰልፉ ጅራት አስቀመጠው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተንዘፈዘፈ። ያችን እንኳ በእኔ ላይ አትቁጠሯት።