የአባ ጭጭ ኩርፊያ

አባቴ ሲያኮርፍ እንደ ሰው አያኮርፍም። ሌላው ሰው ሲያኮርፍ ፊቱን ያጠቁራል፣ በር ይወረውራል፣ ምግብ እምቢ ይላል፤ ከዚያ ይደክመውና ይተወዋል። አባቴ ግን የቀረበለትን ጥርግ አድርጎ ይበላል፣ ስልክ ያነሳል፣ ከጎረቤት ጋር ይስቃል፣ በቴሌቪዥን ኳስ ሲያይ ዳኛውን ከነዘር ማንዘሩ ይሰድባል። ከእናቴ ጋር ብቻ ጭጭ ነው። ቤተሰቡ ውስጥ "አባ ጭጭ" የሚባለውም ለዚህ ነው። ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት፤ የሰማ ዕለት አኮረፈ።

እናቴም ብትሆን ቀላል ሴት አይደለችም። በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን አንዴ "ይቅርታ" ስትል የሰማ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር። "ያኮረፈ ይመለስ፤ እኔ የትም አልሄድኩ" ነው መልሷ። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ የእነሱ ባሕር ጨው ሳይበዛበት አልቀረም። በመሃል የምመላለሰው እኔ ነኝ፤ የፀጉር ቤቴ ከደጃቸው ፊት ለፊት ስለሆነ መሸሻ የለኝም። "ለአባትሽ ምሳ ቀርቧል በይው።" "ለእናትሽ መጣሁ በያት።" ይህን የሚሉት ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነው።

የአሁኑ ኩርፊያ መነሻ የወጥ ቤቱ ዕቃ ማጠቢያ ነበር። ቧንቧው ተዘጋ። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ብረታ ብረት ያስተማረ ሰው ነውና "እኔ እያለሁ?" አለና ቧንቧውን ፈታትቶ ወለሉ ላይ ዘረጋው። ከዚያ መፍቻ ጠፋ፣ ከዚያ ወገቡን አመመው፣ ከዚያ ደግሞ ኳስ አለ። እናቴ ሰሃኑን ሁሉ መታጠቢያ ቤት ስታጥብ ከረመችና አንድ ቀን እሱ እስኪወጣ ጠብቃ የቧንቧ ሠራተኛ ጠራች። ሰውየው የቀረበለት ሻይ ሳይበርድ ሠርቶ ጨረሰ። ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። አባቴ ሲመለስ በር ላይ የተገናኘው ቧንቧ ሠራተኛ እሱ ራሱ በፈተና ሁለት ጊዜ የጣለው ተማሪው ሆኖ ተገኘ። "ጋሼ፣ አሁን በደንብ ይወርዳል" ብሎት ሄደ። አባቴ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጭጭ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ብቅ ስል እናቴ በር ላይ ተቀበለችኝ።

"ዛሬስ ብሶበታል። ቁርስ አቀረብኩ፣ አልነካም። ምሳ አቀረብኩ፣ አልነካም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ግድግዳ ያያል። ተይው፣ ሲርበው ይበላል።"

አባቴ ወንበሩ ላይ ነበር። "አባዬ" ስለው ዞሮ አየኝ። አፉ ወደ ግራ ተጎትቷል። ቀኝ እጁን አንስቼ ስለቀው ጭኑ ላይ ዱብ አለ። አንድ ነገር ሊለኝ ፈለገ፤ የወጣው ድምፅ ግን ቃል አልነበረም።

"እማዬ፣ ይሄ ኩርፊያ አይደለም።"

"አንቺ አታውቂውም" አለችኝ። አፏ ይህን ይበል እንጂ እግሯ ጫማ እየፈለገ ነበር።

ሆስፒታል የተቀበለን የነርቭ ሐኪም ፀጉሩን ማን እንደቆረጠው ብጠይቀው ደስ ባለኝ ነበር፤ ጊዜው አልነበረም። አባቴን እግር አንሳ፣ እጅ አንሳ፣ ሳቅ ብሎ ሞከረውና ወደ እናቴ ዞረ።

"እናቴ፣ መጨረሻ ደህና ሆነው ያዩዋቸው መቼ ነው?"

"ደህና ሆኖ አይቼው አላውቅም፣ ልጄ።"

ዶክተሩ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

"ማለቴ፣ ሲናገሩ የሰሟቸው?"

"ሲናገር ነው ወይስ ሲያናግረኝ?"

ዶክተሩ ልጅ ቢሆንም ትዕግሥት አለው። የረጋ ደም የአንጎሉን የደም ሥር ሳይዘጋው እንዳልቀረ፣ የሚያሟሟ መድኃኒት እንዳለ፣ ግን ከጀመረው ሰዓታት ካለፉ መድኃኒቱ ጭራሽ ደም አፍስሶ ሊገድለው እንደሚችል በቀስታ አስረዳት። ስለዚህ ሰዓቱን ማወቅ አለበት። እናቴ አሰበች። ትናንት ማታ እሷ ተኝታ እሱ ሳሎን ሆኖ ዳኛውን ሲሰድብ በግድግዳው በኩል ሰምታለች።

"ከዚያ በኋላስ? ጠዋት?"

"ጠዋት ጭጭ ነው።"

"ይህ አላስደነገጠዎትም?"

"ቢያወራኝ ነበር የምደነግጠው" አለች፤ ከዚያ የተናገረችው ለራሷ ጆሮ የደረሰ ይመስል መቀመጫ ፈለገች።

ሌላ ቤት ቢሆን ሰው አፉ ሲያያዝ ሰፈር ይታወካል። እኛ ቤት ዝምታ የቤት ዕቃ ስለሆነ በሽታው ሰተት ብሎ ገብቶ አጠገቡ ቢቀመጥ የሚለየው ጠፋ። ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት ያሉት ወደው አይደለም። በእናቴ ተናድጄ ነበር። በእሱም ተናድጄ ነበር፤ ግን አፉ ተጎትቶ ሳየው የሚናደዱበት ሰው አይመስልም።

"መድኃኒቱ አልፎናል" አለ ዶክተሩ። "ግን ሲቲ ስካኑ አሁን ከድሮው የተሻለ ነገር ያሳየናል። ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ሳይሆን ከአንጎላቸው ምን ያህሉ እንደተረፈ። የረጋውን ደም በቱቦ ማውጣት ይቻል እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው።"

የሲቲ ስካኑ ባለሙያ ማስቲካ የምታላምጥ ልጅ ናት። ለእናቴ ጨረር የሚመክተውን ከባድ የእርሳስ ብረት ሽርጥ አለበሰቻትና አባቴ ራስጌ አቆመቻት፤ ጭንቅላቱን ወዲያ ወዲህ እያደረገ ስላስቸገራት ነው።

"ግራና ቀኝ ይያዙልኝ፣ እማማ። ከተነቃነቁ ሥዕሉ ይበላሻል። ደግሞ እንዳያናግሯቸው፤ ልመልስ ሲሉ ይነቃነቃሉ።"

"ለእኔ? አይዞሽ፣ አይመልስልኝም።"

እኔ ከመስተዋቱ ወዲህ ከዶክተሩ ጋር ቆምኩ። ልጅቱ በማይክ "አባባ፣ ቀለም በደም ሥርዎ እየገባ ነው፤ ሰውነትዎን ይሞቅዎታል፣ የሸኑ ይመስልዎታል፤ አልሸኑም" አለችው። አልጋው ወደ ማሽኑ ቀለበት ገባ፣ ወጣ፣ ገባ። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ነው የሚያነሳው፤ ቀለሙ ከደሙ ጋር የት ቶሎ እንደደረሰ፣ የት እንደዘገየ፣ የት ጨርሶ እንዳልደረሰ ለማየት ነው አለኝ ዶክተሩ። እኔም የምኖረው በሰው ጭንቅላት ነው፤ ግን ከላይ ከላይ። ከውስጥ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። በቀኝ በኩል የደም ሥሩ እንደ ዛፍ ተንሰራፍቷል፤ በግራ በኩል ግንዱ መሃል ላይ ተቆርጧል። ቀጥሎ ባለቀለሙ ሥዕል መጣ። እናቴ ሽርጧን ሳታወልቅ ከኋላችን ደርሳ ኖሯል።

"ይህቺ ቀይ ምንድን ናት?"

"እሷ የሞተች ናት" አለ ዶክተሩ። "አትመለስም። ግን ትንሽ ናት።"

"ይሄ ሁሉ አረንጓዴስ?"

"እሱ አልሞተም። ደም ስላነሰው ሥራ አቁሟል። አይናገርም፣ አያዝም፤ ግን በሕይወት አለ።"

"አኩርፏል በለኝ እንጂ።"

"እንደሱ ነው። አኩርፏል።"

"እስከ መቼ?"

"ደም ካላገኘ ከሰዓታት አያልፍም። አረንጓዴው በየደቂቃው ወደ ቀይ እየሄደ ነው።"

እናቴ ከዚያ በኋላ ቀልድ አልተናገረችም።

የሚደረገው ነገር ይህ ነው፤ በብሽሽቱ በኩል ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ፣ በደም ሥሩ ውስጥ እስከ ጭንቅላቱ ይወጣሉ፣ የረጋውን ደም ይዘው ይወጣሉ። ሊሳካ ይችላል፤ ደም ሊፈስም ይችላል። ዶክተሩ የፈቃድ ወረቀቱን ሰጣት። እናቴ ወረቀቱን ይዛ ቀረች።

"እሱን ሳልጠይቅ?"

"መልስ መስጠት አይችሉም፣ እናቴ።"

ወደ እኔ ዞረች። "ደግሜ ቧንቧ ሠራተኛ ልጠራበት ነው?"

ሳቄ አመለጠኝ። ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። እናቴ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ፈረመች።

ተሳካ። ሥራውን የሠራው ሐኪም ወጥቶ "ተከፍቷል፣ ደሙ እየሄደ ነው" አለን። ነገር ግን በማግሥቱ ጠዋት ዶክተሩ አልጋው ዘንድ ቆሞ እስክሪብቶ ሲያሳየው አባቴ ዝም አለ። ሰዓት አሳየው፤ ዝም። "ዓይንዎን ይጨፍኑ" ሲለው ጨፈነ። "ምላስዎን ያውጡ" ሲለው አወጣ። ስምዎ ማን ነው ሲለው ግን ጣሪያውን አየ።

"መስማትና መረዳታቸው ተመልሷል" አለን ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቀይ ሆና ያየናት ቦታ የንግግሩን ክፍል ነክታ ሊሆን ይችላል። ጠብቀን እናያለን። ላይመለስም ይችላል።"

"አኩርፎ ነው" አለች እናቴ።

ዶክተሩ በሐዘኔታ አያት። እኔ ደሜ ፈላ፤ እጇን ይዤ ኮሪደር አወጣኋት።

"እኔንም እኮ አላናገረኝም። ከእኔ ጋር ተኳርፎ ያውቃል?"

"ስፈርም አጠገቤ ነበርሽ፤ አንቺንም አኩርፏል።"

"እሺ፣ አኩርፎ ከሆነ ቀላል ነው። ግቢና ይቅርታ ጠይቂው። ካናገረሽ ይለይለታል።"

ወደ በሩ አልተራመደችም። ትዕቢቷ መስሎኝ ልጮህባት ነበር። ፊቷን ሳየው ግን ትዕቢት አልነበረበትም።

"ይቅርታ ጠይቄው ዝም ካለስ?" አለችኝ። "እስካልጠየቅኩት ድረስ እኮ አኩርፎ ነው።"

ይህችን የማትረታ ሴት ስትፈራ አይቼ አላውቅም፤ ስታሳዝነኝም የመጀመሪያዬ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። የምግብ ጋሪ አለፈ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ እግራችንን አስነስታ ወልውላ ሄደች። ከዚያ እናቴ ተነሳችና ገባች።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "አንተ" አለችው። ጣሪያውን አየ። "ትሠራው ነበር፤ አውቃለሁ። ቀስ ብለህ ትሠራው ነበር። ልጠብቅህ ይገባኝ ነበር። ይቅርታ።"

የደም ግፊት ልትለካ የመጣችው ነርስ በር ላይ ቆመች። አባቴ አልዞረም። እናቴ አንሶላውን ጨብጣ ጠበቀች። የአባቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም። እንደገና ተንቀሳቀሰ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። ዞሮ አያት።

"ድ... ድገ... ሚው።"

ደገመችው። ሦስተኛውን ሳይጠይቃት ጨመረችለት፤ አራተኛውንም። የዕድሜዋን ያጠራቀመችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። ነርሷ "እማማ፣ ይረፉ እንጂ፣ እሳቸውም ይረፉ" ብትላት አልሰማችም። የአባቴ ቀኝ እጅ ከአልጋው ላይ ተነሳ፤ እየተንቀጠቀጠ፣ እየተሳሳተ ሄዶ አፏ ላይ አረፈ። እናቴ ከመዳፉ ሥር ሆና አንዴ ደገመችለት።