በክዳኑ ሥር የተገኘችው የማሽላ ፍሬ

ይመኙሻል ክፉ ነገር ደጅ ሳይደርስ መንገድ ወጥታ የምትቀበል ሴት ነበረች። ልጇ ረድኢት ካስነጠሰች የሳንባ ምች ነው፤ ባሏ ይሄይስ ግማሽ ቀን ከዘገየ ገደል ገብቷል። ይሄይስ በበርበራ ወደብ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዳ ሦስት ዓመቱ ነው። አንድም ቀን ገደል አልገባም፤ እሷ ግን በሐሳቧ መቶ ጊዜ ቀብራዋለች።

በ1987 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሐርጌሳ ውስጥ ተኩስ ሲጀመር ግን የፈራችው ደረሰ። ይሄይስ ጭነት ይዞ ድንበሩን እንደተሻገረ መንገዱ ታወከና ድንበር ከተማዋ ቶጎ ውጫሌ ላይ ቀረ። ይመኙሻልና የአራት ዓመቷ ረድኢት፣ እናትየዋ በምግብ አብሳይነት ተቀጥራ በምትኖርበት በሶማሊያዊቷ በወይዘሮ ሲራድ ቤት፣ 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር ቀሩ። ሲራድን ሰፈሩ ሁሉ ‹ኤዶ› ይላቸዋል፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። ከዓመታት በፊት ከተማው በአውሮፕላን በተደበደበ ጊዜ ሸሽተው ሦስት ዓመት ጅጅጋ ስለ ኖሩ አማርኛ ይናገራሉ።

ኤዶ ሟች ባላቸው የተወላቸው ላንድክሩዘር ነበረቻቸው። ውጊያው በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ መንገዱ ነገ ጨርሶ ይዘጋል ስለተባለ፣ ከቀትር በፊት ሁላቸውንም ጭነው ወደ ድንበር ሊወጡ ቆርጠዋል። የሚነዳው ፈንታሁን ነው፤ የጎንደር ሰው፣ ሹፌርም መካኒክም። መኪናዋ ግን ታማለች።

ሰሞኑን ሁለት ድምፅ አምጥታለች። ዳገት ስትወጣ ቀጭን ፉጨት ታፏጫለች፤ ስትቆም ደግሞ ራዲያተሯ እንደ ሽሮ ድስት ቱክ ቱክ ይላል። ይመኙሻል ፉጨቷን በሰማች ቁጥር ልጇን ታቅፋ አልጋ ሥር ትገባለች።

«ውጪ እባክሽ! እኔ ነኝ፤ መድፍ አይደለሁም!» ይላታል ፈንታሁን ከደጅ።

«እውነተኛው መድፍ የመጣ ዕለትም እንዲሁ ትለኛለህ» ትለዋለች ከአልጋው ሥር።

ያን ጠዋት ፈንታሁን ኮፈኑን ከፍቶ ገባበት። ረጅም ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ።

«ኤዶ፣ ነዳጅ ይስጡ! ይበቃል!» አላቸው መሪው ላይ ለተቀመጡት።

ፉጨቱ ሞተሩ ሲጨነቅ ይመጣል፤ ሲላቀቅ ይጠፋል። ሞተሩን አጥፍቶ እስኪበርድ ጠበቀና ለሞተሩ አየር የሚገፋውን የተርቦውን ዘንግ በጣቱ ነቀነቀው። አይወዛወዝም። የራዲያተሩን ክዳን ፈትቶ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠና ውሃው ውስጥ ጣቱን ነከረ። ዘይት የለበትም። የሞተሩን ዘይት አየ፤ ውሃ አልገባበትም። አናቱን አከከ።

«ተርቦዋ ደህና ናት፤ ታፏጫለች። ውሃዋ ንጹሕ ነው፤ ታፈላለች። እንግዲህ የቀረኝ የሞተሩን አናት፣ ቴስታታውን፣ አውርዶ ማየት ነው።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሉ ኤዶ።

«ሰዓት? ሁለት ቀን።»

ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ተኩሱ ተንጣጣ። ይመኙሻል ልጇን ወደ ጉልበቷ ሳበቻት። ሁለት ቀን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል። ሌላም የገባት ነገር ነበር፤ ዓይኗ ከዚያ ክዳን ላይ አልነሣ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይሄይስ መንገድ ላይ ሲያድር መኪናውን እንዳይሰርቁበት አንድ ነገር ነቅሎ ደብቆ ይተኛል፤ የዚያ መንገድ ሹፌሮች ልማድ ነው። ታጣቂዎች የየሰፈሩን መኪና እየነጠቁ መውሰድ ሲጀምሩ እሷም ለኤዶ ይህንኑ ነግራቸው ነበር። እሳቸው ግን «አላህ ይጠብቃታል» ብለው ተዉት። እሷ አልተወችውም። ስምንት ቀን ሙሉ ማታ ማታ የቻለችውን ትነቅላለች፦ የራዲያተሩን ክዳንና ከተርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ ቱቦ። የቱቦውን ማሰሪያ በቢላ ጫፍ ታላላለች። ሁለቱንም የማሽላ ጆንያ ውስጥ ትቀብርና ማለዳ ትመልሳለች። ብትናገር ኤዶ ‹ይህች ሴት መኪናዬን ገደለች› ብለው እዚሁ ጥለዋት ቢሄዱስ? ዝም ብትል ደግሞ ሁሉም እዚሁ ይቀራሉ።

«ፈንታሁን፣ እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑ?»

አንድም ሳታስቀር ተናገረች፤ እስከ ቢላው። ኤዶን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

ፈንታሁን ክዳኑን አንሥቶ ገለበጠው። ከላስቲኩ ሥር አንዲት የማሽላ ፍሬ ውሃ ጠጥታ አብጣ ተቀምጣለች። በካቻቢቴው ጫፍ ፈልቅቆ መዳፉ ላይ አኖራት።

«በእናንተ አምላክ! ቴስታታ ላወርድ የነበረው ለዚች ነው? ይሄ ክዳን ካልገጠመ ውሃው ታፍኖ አይቀመጥም፤ ያለጊዜው ይፈላል።» ከዚያ ቱቦውን ደበሰ። ጫፉን ቢላው በልቶታል። «የሚያፏጨውም ተርቦው የገፋው አየር በዚህ እያመለጠ ነው። አንቺ ሴት፣ ሽንኩርት መሰለሽ?»

ይመኙሻል አንገቷን ደፋች። ኤዶ ሲራድ ቀረብ ብለው አገጯን ቀና አደረጉት።

«ሐሙስ ማታ ሦስት ሰዎች አጥር ዘለው ገቡ» አሉ። «በመስኮት አያቸዋለሁ። ኮፈኑን ከፈቱ፣ ባትሪ አበሩበት። አንደኛው ‹ይቺማ ተበልታለች፣ ክዳን እንኳ የላትም› አለና ሄዱ። የጎረቤታችንን የሮብሌን መኪና ግን ወሰዱ። እስከ ዛሬ አላህ ዓይናቸውን ጋረደ እያልኩ ሳመሰግን ነበር። ለካ በአንቺ እጅ ነው የጋረደው! ወላሂ፣ ይሄ ጭንቀትሽ ይባረክ።»

ይመኙሻል ለስድብ እንጂ ለምርቃት አልተዘጋጀችም ነበርና አለቀሰች።

ፈንታሁን የተበላውን ጫፍ ቆርጦ ጣለ፤ ቱቦውን እስከ መጨረሻው ገፍቶ ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገ። የክዳኑን ላስቲክ ጠርጎ መለሰ፤ ለመጠጥ ከተቀዳው ውሃ አንድ ጀሪካን ራዲያተሩ ውስጥ አፈሰሰ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ወጡ። ከከተማው መውጫ ዳገቱን ሲይዙ ይመኙሻል ትንፋሿን ዋጠች። ፉጨት የለም። ከሞተሩ ጉርምርምታ በቀር ምንም የለም።

ቶጎ ውጫሌ ሲደርሱ ፈንታሁን መኪናዋን አቆመ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም።

«ምነው? ምን አየህ? እንመለስ?» አለች ይመኙሻል።

«ኧረ ተይ! ተርቦ ከሩጫ በኋላ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ይፈልጋል። ወዲያው ካጠፋሁት ዘይቱ ያርርበታል። ሁለት ደቂቃ ታገሺ።»

ሁለቱ ደቂቃ ሳያልቅ፣ ከቆሙት የጭነት መኪኖች መካከል አንድ ሰው ነጠላ ጫማውን ጥሎ ሲሮጥ መጣ። ረድኢት «አባዬ!» ብላ በመስኮት ልትወጣ ደረሰች።

ይመኙሻል ለክፉው ሁሉ የምትለውን በመንገድ ላይ አሰናድታ ነበር፤ ለዚህ ግን ምንም አልነበራትም። ወርዳ ኤዶ ሲራድ ጉልበት ላይ ወደቀች፤ እሳቸውም «ተነሺ፣ ተነሺ፤ ስሸሽ ጅጅጋ ላይ ያስጠጉኝን እናቶች ውለታ ነው የመለስኩት» እያሉ አነሡዋት። ቀጥላ የፈንታሁንን ግራሶ የበላው እጅ ሳመች። በመጨረሻ ወደ ባሏ ዞረች፤ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ተመስገን» አለች። «ከስተሃል። ታመህ ነበር እንዴ?»